ማስተካከያ፦ ስለ ኦዲዮ ኢንተርፌስ ምርጫ

ሐዋሳ ውስጥ በቤታቸው ሙዚቃ ለሚቀዱ ወጣቶች ባዘጋጀሁት የመሣሪያ መምረጫ ጽሑፍ ላይ ስለ ኦዲዮ ኢንተርፌስ (የማይክንና የሙዚቃ መሣሪያን ድምፅ ወደ ኮምፒውተር ስለሚያስገባው መሣሪያ) «192 ኪሎኸርዝ ካልደረሰ ጥራት የለውም»፣ ማለትም ድምፁን በሰከንድ 192 ሺህ ጊዜ ካልለካ አይረባም፣ ብዬ የጻፍኩት ስሕተት ስለሆነ አንባቢዎችን ይቅርታ እጠይቃለሁ። የሰው ጆሮ የሚሰማው በሰከንድ እስከ 20 ሺህ ጊዜ ገደማ የሚርገበገብ ድምፅ (20 ኪሎኸርዝ) ሲሆን፣ በ44.1 ኪሎኸርዝ የተቀዳ ድምፅ የቁጥሩን ግማሽ፣ ማለትም እስከ 22 ኪሎኸርዝ ያለውን ስለሚይዝ፣ በ24 ቢት (እያንዳንዱ ልኬት የሚመዘገብበት ዝርዝርነት) እና በ48 ኪሎኸርዝ የሚቀዳ መሣሪያ ለድምፃዊም ሆነ ለክራር በቂ ነው፤ 192 ኪሎኸርዝ ግን በኮምፒውተሩ ላይ የ48 ኪሎኸርዙን አራት እጥፍ ቦታ ይይዛል። በዚያ ቁጥር ምክንያት ተጨማሪ ብር ያወጣ ሰው ካለ ከልብ አዝናለሁ። በቅድሚያ መታየት ያለበት በመሣሪያው ውስጥ ያለው የማይክ ማጉያ ድምፅ ከፍ ሲደረግ የ«ሽሽ» ጫጫታ የማያሰማ መሆኑ ነው፤ ኮንደንሰር ማይክ (ለመሥራት ኤሌክትሪክ የሚፈልግ የማይክ ዓይነት) ያለው ሰው ደግሞ መሣሪያው ለማይኩ 48 ቮልት እንደሚሰጥ ያረጋግጥ።