የመረጠ እጅ ያውጣ

በ2017 ዓ.ም. የጥቅምት መድኃኔ ዓለም ረቡዕ ዋለ። አሜሪካ ማክሰኞ ስትመርጥ ውላ፣ ሌሊቱን ስትቆጥር አድራ፣ የመድኃኔ ዓለም ዕለት ጎህ ሲቀድ «ትራምፕ» ብላ አረፈችው። አሌክሳንድሪያ፣ ቨርጂኒያ ያለነው ማኅበርተኞች ጽዋችንን በዕለቱ አንጠጣም፤ ረቡዕ ሥራ ነው። እንደ ልማዳችን ወደ ቅዳሜ አዛወርነው። አሁን ሳስበው ያጠፋነው እዚያ ላይ ነው። ረቡዕ ብንገናኝ ኖሮ ግማሹ ደንግጦ፣ ግማሹ እንቅልፍ አጥቶ ዝም ብሎ ይበላ ነበር። ሦስት ቀን ሙሉ ዩቲዩብ ሲሰማ የከረመ ሰው ግን ዳቦው እስኪቆረስ አይታገሥም።

እኔንማ ዜናው የደረሰኝ በአጎቴ በኩል ነው። ከንጋቱ 11 ሰዓት ተኩል ሲሆን ስልኬ ጮኸ። አዲስ አበባ 7 ሰዓት ተኩል ነው፤ አጎቴ ምሳቸውን በልተው፣ ቡናቸውን ይዘው ተደላድለዋል።

«ሰማህ ወይ?»

«ኧረ ጋሼ፣ ተኝቻለሁ።»

«አገርህ መንግሥት ለውጦ አንተ ትተኛለህ? ሰውየው ተመልሷል! ዲቪውን ያስቀረዋል የሚሉት እውነት ነው?»

በፊተኛው ዘመኑ ዲቪ ይቅር ሲል እንደነበር አጎቴ አልረሱም። የዚያ ዓመት መሙያ ጊዜ ሊያልቅ ጥቂት ነበር የቀረው፤ ለልጃቸው ሞልተውላታል። ያስጨነቃቸው ግን ሌላ ነው። «ፎቶው ላይ ፈገግ ብላለች። ሰውየው ኮስታራ ነው፤ ይከፋው ይሆን?»

ቅዳሜ ማኅበሩ እኛ ቤት ነበር። የጽጌ ጾም ገና አላበቃም፤ ጾሙ የፈቃድ ስለሆነ ባለቤቴ ለጿሚውም ለማይጾመውም ብላ ሁለት ወገን ድስት ጥዳለች። እኔም በየዋህነት ሰዉ በድስት ይከፈላል ብዬ ነበር። አልሆነም። ትራምፕን የሚደግፈው ሽሮ፣ ተፎካካሪውን ካማላ ሃሪስን የምትደግፈው ዶሮ፤ እዚያው አጠገቡ ሌላው የትራምፕ ደጋፊ ሁለተኛ እንቁላል እያወጣ ስለ እንቁላል መወደድ ያማርራል።

አባታችን ጸሎት አደረሱ። ሲጨርሱ «የምንኖርበትን አገር መሪዎች ልቡና ይስጥልን» አሉ። «አሜን!» የተባለበትን ድምፅ ብትሰሙ! አንዱ ወገን «ለተሸነፉት ነው» ብሎ፣ ሌላው «ላሸነፈው ነው» ብሎ፣ ሁሉም ከልቡ ጮኸ። አባታችን ይህን ስለሚያውቁ መሰለኝ ስም አልጠሩም።

ከዚያ ጋሽ ግድቡ ጀመሩ። ስማቸው ሌላ ነው፤ ግድቡን ሳያነሱ ዓረፍተ ነገር ስለማይጨርሱ ያወጣንላቸው ነው። የጋሼ የፓርቲ ታሪክ እንዲህ ነው። በኦክቶበር 2020 ትራምፕ የሱዳንንና የእስራኤልን እርቅ ሲያበስር መሀል ላይ ግብፅ ግድቡን ታፈነዳዋለች ብሎ ሲናገር ጋሼ በዚያው ሳምንት ዴሞክራት ሆኑ። ባይደን ሲያሸንፍ ዳቦ አስደፍተዋል። ዓመት ሳይሞላ ያው ባይደን ኢትዮጵያን ያለ ቀረጥ ወደ አሜሪካ መላክ ከሚያስችለው ከአጎዋ ለማስወጣት መወሰኑን ለኮንግረስ አስታወቀ፤ ቀኑ ኖቬምበር 2፣ 2021፣ ልክ ቨርጂኒያ ገዥዋን ስትመርጥ የዋለችበት ነው። ጋሼ ያስደፉትን ዳቦ ጥለው ሪፐብሊካን ሆኑ፤ ያንግኪን ሲመረጥ እሳቸው የሾሙት ያህል ነበር ኩራታቸው። አሁን ደግሞ ግብፅ ግድቡን ታፈነዳዋለች ያለው ሰው ተመልሶ መጣ። ስለዚህ ጋሼ ቅዳሜ ዕለት የትኛው ፓርቲ ውስጥ እንዳሉ ለማወቅ ሁላችንም ጓጉተናል።

«ሰውየውን ያኔ አልገባንም» አሉ፣ ጉሮሯቸውን ጠርገው። «ታፈነዳዋለች አለ እንጂ ታፍንዳው አላለም።»

«ጋሼ! ያኔ እኮ ቴሌቪዥኑን ሊሰብሩ ነበር» አለች ሲስተር።

ሲስተር ነርስ ናት። ረቡዕ ዕለት ከሌሊት ፈረቃ ወጥታ አልተኛችም። ሃሪስ ሃዋርድ ዩኒቨርሲቲ ቆማ መሸነፏን ስትናገር ሲስተር መኪናዋ ውስጥ ሆና በስልኳ እያየች አልቅሳለች። ሃዋርድ ለኛ ሩቅ አይደለም፤ ዲሲ ዘጠነኛው ጎዳና ላይ ካሉት የሐበሻ ምግብ ቤቶች በእግር ይደረሳል። «ጎረቤቴ የተሸነፈች ያህል ነው የተሰማኝ» አለች። ልትነግረን የፈለገችው ይህንን ነበር፤ ግን ማን ያስጨርሳት! በዚያች ሰዓት ፔንሲልቬንያ ገባ።

ፔንሲልቬንያ የከባድ መኪና ሹፌር ነው። ኤሪን፣ ስክራንተንን፣ ሃሪስበርግን እንደ ሰፈሩ ያውቃል። የፔንሲልቬንያን 19 ኤሌክቶራል ድምፅ፣ ማለትም ፕሬዝዳንቱን የሚመርጡትን ወኪሎች ድምፅ፣ ራሱ ጭኖ ያመጣው እስኪመስል «ብያለሁ! አላልኩም?» እያለ ጫማውን አወለቀ። «ሴፕቴምበር ላይ ጓሮውን ሁሉ አይቼዋለሁ። በየደጁ የተተከለው ሰሌዳ የማን ነበር? እናንተ እዚህ ተቀምጣችሁ በቴሌቪዥን ታያላችሁ፤ እኔ ግን ናፍጣ እየቀዳሁ ነው የማየው!»

312 ለ226 እንደሚያልቅ አሥር ጊዜ ነገረን። ሲስተር በ2016 ሂላሪ ወደ 3 ሚሊዮን የሚጠጋ ድምፅ በልጣ መሸነፏን ለስምንት ዓመት ስንቅ አድርጋ ይዛው ነበር። በዚህኛው ምርጫ ሰውየው በጠቅላላው የሕዝብ ድምፅም ስለበለጠ ያ ስንቅ አልቋል። ቢሆንም «ቆጠራው ራሱ ልክ አይደለም፣ ሰው ተመርጦ እንዴት 538 ሰው እንደገና ይመርጠዋል?» አለች።

«ዕቁብ በይው» አሉ ጋሽ ግድቡ። «ሁላችንም እንጥላለን፣ የሚበላው አንድ ነው።»

«ዕቁብ እኮ ለሁሉም ይደርሳል ጋሼ!»

እዚህ ላይ እኔ አንድ ነገር ልናገር ብዬ ነበር። ቨርጂኒያ ሃሪስን መርጣለች። ወንዙን የተሻገራችሁ እንደሆነ ሜሪላንድም እንዲሁ፤ ዲሲማ ከመቶ 90። ስለዚህ ሳሎናችን ውስጥ የሚነሳው ጩኸት በሙሉ ተደምሮ አንዲት ኤሌክቶራል ድምፅ ከቦታዋ አያነቃንቅም። ግን ማን ይሰማኛል? ይኸው ሰው እኮ ከአንድ ወር በፊት፣ መስከረም 27፣ የኢትዮጵያ ሁለቱ ምክር ቤቶች በጋራ ተሰብስበው በሳህለወርቅ ዘውዴ ቦታ ታየ አጽቀ ሥላሴን ፕሬዝዳንት አድርገው ሲመርጡ ትንፍሽ አላለም። የመስከረሙን ጽዋ ስንጠጣ ያወራነው ስለ ቤት ኪራይ ነው። በአንድ ስብሰባ ተጀምሮ የሚያልቅ ምርጫ ለጨዋታ አይመችም መሰለኝ፤ እንደ ፔንሲልቬንያ ወዲያና ወዲህ የሚል ክልል የለውም።

ጩኸቱ እየበረታ ሄዶ የሰው አገር ጉዳይ መሆኑ ቀረ። ፔንሲልቬንያ ሲስተርን «አንቺ ድሮም እንደዚህ ነሽ፤ ያኔም ለማን እንደምታለቅሺ እናውቃለን» አላት። «ያኔ» ያለው የባይደንን ዘመን አይደለም፣ የአገር ቤቱን ጦርነት ነው። ቤቱ ድርግም አለ። እንግዲህ እዚህ ከደረሰ ነገሩ የትራምፕም የሃሪስም አይደለም፤ የሁለቱን ስም ተውሰን የራሳችንን እየተማታን ነው።

ሲስተር ሳህኗን ቁጭ አደረገች። «ጥሩ» አለች ቀስ ብላ። «እንግዲያው የመረጠ ሰው እጅ ያውጣና እሱ ይናገር።»

ማንም እጁን አላነሳም።

ፔንሲልቬንያ ጣሪያውን አየ። ማክሰኞ ዕለት ጭነት ይዞ ኦሃዮ ነበር፤ ቀድሞ ለመምረጥ ደግሞ ጊዜ አልነበረውም፣ ቨርጂኒያ 45 ቀን ሙሉ በር ከፍታ ስትጠብቀው። ጋሽ ግድቡ ጋቢያቸውን አስተካከሉ። «እኔ እንኳ... ፓስፖርቴን አልመለስኩም።» ለካ ጋሼ እስከ ዛሬ በግሪን ካርድ ናቸው! ሁለት ጊዜ ፓርቲ ሲለውጡ አንድም ቀን የሚመርጡበት ወረቀት አልነበራቸውም። ከጥግ ያሉት ሁለቱ ደግሞ ጥገኝነት ጠይቀው ቀጠሮ እየጠበቁ ነው፤ ሲከራከሩ ግን ከሴናተር አያንሱም።

ያኔ ዓይን ሁሉ ወደኔ ዞረ። ኮቴ ላይ «መርጫለሁ» የምትለዋ ክብ ተለጣፊ አለች። ምርጫው ካለፈ በአራተኛው ቀን ለጥፌአታለሁ፤ ለምን እንደሆነ አትጠይቁኝ፣ እንግዳ የሚቀበል ሰው አንድ ነገር ያደርጋል። እጄን በክብር አነሳሁ።

እውነቱን ለእናንተ ልንገራችሁ። ማክሰኞ ከጠዋት ጀምሬ ራይድ ስሠራ ዋልኩ። ሦስት ሰው ምርጫ ጣቢያ አድርሼ «በርቱ» ብያለሁ። የራሴን ለማታ አልኩ። በሩ ከምሽቱ 1 ሰዓት ይዘጋል፤ ሩብ ጉዳይ ሲሆን ወደ ኤርፖርት የምትሄድ ሴት ጠራችኝ፣ 32 ዶላር። ስመለስ 1 ሰዓት ከ20። በሩ ላይ ያለው ሰውዬ ጠረጴዛ ሲያጥፍ በመስታወት አየሁት፤ እሱም አየኝ።

ባለቤቴ ከማጀት ጭልፋ እንደያዘች ወጣች። እሷ በኦክቶበር ነው የመረጠችው፣ ሲስተርም አብራት ነበረች። ተለጣፊዋን ፍሪጁ ላይ ለጥፋት ነበር። ጫፏ ላይ የእርድ ጠብታ አለ። እኔ እጄን እንዳነሳሁ ባለቤቴ ጠብታዋን አየቻት፣ እኔን አየችኝ፣ ምንም ሳትል ተመልሳ ገባች። ትዳር ውስጥ ዝምታ ስንት ዓይነት እንደሆነ የምታውቁ ታውቃላችሁ።

አባታችን «ጽዋው ይነሳ» ብለው አዳኑኝ። ተረኛው ማን ሆነ? ፔንሲልቬንያ። ጽዋውን አቅፎ፣ ሲስተር ሻማ ይዛ ከፊቱ እየመራች፣ እየዘመርን እስከ መኪናው ሸኘናቸው። ሲስተር በሩን ከፈተችለትና «ቀበቶውን ለጽዋውም እሰርለት፣ አንተ ስትነዳ አላምንህም» አለችው። ሳቀ። «የኅዳር 27 ዶሮ እንዳትጠብቂ፣ ነቢያት ገብቷል» አላት።

ሁሉም ሲሄድ ባለቤቴ ኮቴን ከወንበር ላይ አነሳች። ተለጣፊዋን በጥፍሯ ቀስ ብላ ላጠቻት፣ ወስዳ ፍሪጁ ላይ መልሳ ለጠፈቻት። ጠዋት ስነሳ ሙጫዋ አልቆ ወለሉ ላይ ወድቃለች። ከሽንኩርት ልጣጭ ጋር ጠረግኳት።