ምነው ዓሣው ከሳ?

ሳሎኑ ውስጥ የዓሣ ገንዳ ያለበት ቤት የገባ እንግዳ በደንብ ሳይቀመጥ የሚጠይቃቸው ጥያቄዎች የታወቁ ናቸው። «ይበላል?» የመጀመሪያው ነው። «ስንት ተገዛ?» ይከተላል። ሦስተኛው «ምነው ከሳ?» ነው፤ ዓሣውን የሚገድለውም ይኸኛው ነው።

ከሳ የሚባለው አብዛኛውን ጊዜ ኒዮን ቴትራ ነው። ርዝመቱ 3 ሴንቲ ሜትር ገደማ ሲሆን፣ ከዓይኑ ተነሥቶ በጎኑ የሚሄድ የሚያበራ ሰማያዊ መስመር አለው፤ ከሆዱ መካከል እስከ ጭራው ደግሞ ቀይ ነው። የዘር አገሩ በፔሩ፣ በኮሎምቢያና በብራዚል ያለው የአማዞን ተፋሰስ ነው። ምግቡ በቀን አንዴ ወይም ሁለቴ፣ በ2 ደቂቃ ውስጥ ለቅሞ የሚጨርሰውን ያህል ብቻ ነው። ለ10 ኒዮን በሁለት ጣት ጫፍ ተቆንጥሮ የደቀቀ ምግብ ይበቃል። ይህን ለቤቱ አባወራ ማስረዳት ይቻላል። ለአክስት ግን ማን ደፍሮ ይናገራል? አክስት መቆንጠር አታውቅም፤ የምታውቀው መዝገን ነው።

ጠዋት አባት ያበላል። ልጅ ከትምህርት ቤት ሲመለስ «ዛሬ ማንም አላበላውም» ብሎ ያበላል። ለቡና የመጡት ጎረቤት ደግሞ ከቡና ቁርሱ ትንሽ ዳቦ ፈርፈር አድርገው ጣል ያደርጋሉ። ዓሣውም ይሉኝታ የለውም፤ ሰው በቀረበ ቁጥር፣ ጠግቦም ቢሆን፣ ወደ መስታወቱ ይሮጣል። የተረፈው ምግብ ጠጠሩ ሥር ገብቶ ይበሰብስና አሞኒያ የሚባል መርዝ ይሆናል። አሞኒያው መተንፈሻ ስንጥቡን ሲያቃጥለው ዓሣው ትንፋሽ ያጥረዋል፤ ውኃው አናት ላይ ወጥቶ አፉን ይከፍታል፣ ይዘጋል። ቤተሰቡ ይህን ያያል። «ኧረ ራበው!» ይባልና ይጨመርለታል።

ይህን አሞኒያ የሚያስወግዱ ባክቴሪያዎች አሉ። አንዱ ወገን ወደ ናይትራይት ይለውጠዋል፤ ይህም መርዝ ነው። ሌላው ወገን ናይትራይቱን ጉዳቱ ቀለል ወዳለ ናይትሬት ይለውጣል። የሚኖሩት ውኃውን በሚያጣራው ፊልተር ስፖንጅና በጠጠሩ ላይ ሲሆን፣ ከባዶ ተነሥተው እስኪበዙ ከ4 እስከ 6 ሳምንት ይፈጃል። ቤተሰቡ ግን ገንዳውን ቅዳሜ ጠዋት ገዝቶ ቅዳሜ ከሰዓት ዓሣውን ይጨምራል፣ እሑድ እንግዳ አለበታ። ለቸኮለ ሰው ያለው አቋራጭ እንደ እንጀራው እርሾ መበደር ነው። ገንዳው ከቆየለትና ዓሦቹ ጤነኛ ከሆኑለት ሰው ያገለገለ ስፖንጅ ለምኖ፣ ሳይደርቅ በዚያው ውኃ በፌስታል ይዞ መጥቶ፣ የራስ ፊልተር ውስጥ መክተት ነው። እንዲያም ሆኖ በመጀመሪያ የሚገቡት እንደ ጋፒ ያሉ ቻይ ዓሦች ናቸው፣ ሦስት ወይም አራት። ኒዮኑ ገንዳው ሁለት ሦስት ወር ሲሞላው ይግባ፤ ሲገባም ቢያንስ 6 ሆኖ። ለብቻው የገባ ኒዮን ጥግ ይዞ ቀለሙን እያጠፋ ይኖራል።

በምግብ ከሚገለጸው ፍቅር የተረፈ ዓሣ የበዓል ዋዜማን አያልፍም። መጋረጃ ይወርዳል፣ ምንጣፍ ይወጣል፣ ቡፌው ይወለወላል፤ ገንዳው ብቻውን አረንጓዴ ሆኖ ሊቀር ነው? ዓሦቹ ወደ ሳፋ ይዛወራሉ፣ ጠጠሩ በኦሞ ይታሻል፣ መስታወቱ በበረኪና ይፀዳል፣ ስፖንጁም ቧንቧ ሥር ነጭ እስኪሆን ይጨመቃል። የበዓሉ ቀን ውኃው እንደ ምንጭ ጠርቷል፣ እንግዳው ሁሉ ያደንቃል። በሦስተኛው ቀን ዓሣው ሆዱን ወደ ላይ አድርጎ ይገኛል። ፍርዱም ይሰጣል፦ «ያቺ ሴትዮ እኮ ዓይኗን ከሱ ላይ ነቅላም አታውቅ!» ምስኪኗ ሴትዮ ያየችው ዓሣ ነው፤ ባክቴሪያውን የጨረሰው በረኪና ነው። ስፖንጁ መታጠብ ያለበት ከገንዳው በተቀዳ ውኃ፣ በባልዲ ውስጥ፣ ሁለት ሦስቴ ጨመቅ ጨመቅ ተደርጎ ብቻ ነው። በሳምንት ከውኃው ሩብ ያህሉን መቀየር ይበቃል፤ 60 ሊትር ለሚይዝ ገንዳ 15 ሊትር፣ አንድ ባልዲ ማለት ነው።

ስለ ውኃ ከተነሣ፣ አዲስ አበባ ውስጥ የውኃ ፈረቃ የጠቀመው ፍጡር ቢኖር የጌጥ ዓሣ ነው። ክሎሪን ክዳን በሌለው ዕቃ 24 ሰዓት ሲቆይ ይተናል። በሳምንት ሁለት ቀን ውኃ የሚያገኝ ቤት በየበርሜሉ ያጠራቀመው ውኃ ሳያስበው ለዓሣ ተዘጋጅቷል። አደጋው ውኃው የመጣ ዕለት ነው፤ በደስታ ጎማውን ከቧንቧው በቀጥታ ገንዳው ውስጥ የሚከት አይጠፋም።

ከፍታው ደግሞ ሌላ ጣጣ አለው። ከተማዋ ከባሕር ወለል 2,350 ሜትር ገደማ ከፍ ስለምትል የአየሩ ግፊት ከባሕር ዳርቻው ሦስት አራተኛ ያህል ነው። 25 ዲግሪ የሞቀ ውኃ በሊትር መያዝ የሚችለው ኦክስጅን ከ8 ሚሊ ግራም ወደ 6 ገደማ ይወርዳል። ስለዚህ ባሕር ዳርቻ 20 ዓሣ ይችላል የተባለው ገንዳ እዚህ 15 ቢይዝ ይሻላል፣ የአየር ፓምፑም ቀን ከሌት ይሥራ። ፓምፑ ታዲያ የሚስበው የሳሎኑን አየር ነው፤ የዕጣኑን፣ የከሰሉን፣ የተቆላውን ቡና ጢስ ሁሉ ወደ ውኃው ይነፋዋል። ከሁሉ የከፋው ፍሊት ነው። ለዝንብ የሚነፋው መድኃኒት ለዓሣ ከዝንቡ ባልተናነሰ ይመርዛል። ቢያንስ ፓምፑ ይጠፋ፣ ገንዳው በእርጥብ ጨርቅ ይሸፈን፣ ክፍሉ በደንብ ሳይናፈስ ፓምፑ አይብራ።

መብራት የሄደ ሌሊትስ? ማሞቂያው ይቆማል፣ ውኃውም ሊነጋጋ ሲል 18 ዲግሪ ሊደርስ ይችላል። ጋቢ ማልበስ ነው። ከላይ ለአየር ክፍት ትቶ ዙሪያውን በጋቢ መጠቅለል ሙቀቱን ለሰዓታት ያቆየዋል። በባትሪ የሚሠራ ትንሽ ፓምፕ ያለው ያብራ፤ የሌለው በየግማሽ ሰዓቱ በኩባያ እየቀዳ ከከፍታ መልሶ ያፍስ። መብራቱ እስኪመጣ ምግብ አይሰጥም። ድንገት ጨለማው ውስጥ ባትሪ ቢበራና ኒዮኑ ቀለሙ ጠፍቶ ቢታይ ለቅሶ አይጀመር፤ በጨለማ ሁሌም ይደበዝዛል፣ ብርሃን ሲያገኝ ይመለሳል።

የታመመ እንደሆነ ደግሞ መሳቢያ ውስጥ የተረፈች ቴትራሳይክሊን አትጠፋም። ካፕሱሏ ተከፍታ ትበተናለች። ማዕድን የበዛበት ውኃ ውስጥ ከካልሲየሙ ጋር ትተሳሰርና ጉልበቷ ይዳከማል፤ ዓሣውን ሳትፈውስ የፊልተሩን ባክቴሪያ ልትጎዳ ትችላለች። የታመመ ዓሣ መጀመሪያ የሚፈልገው ሩብ ውኃ መቀየርና ለብቻ መቀመጥ ነው።

በጾም ዓሣ ይበላል፣ አይበላም የሚለው ክርክር ዘንድሮም አላለቀም። ዓሣው ራሱ ይጹም ወይ ለሚለው ግን መልሱ አጭር ነው፦ ይጹም። ረቡዕና ዓርብ ምግብ ቢቀርበት ምንም አይሆንም፣ ጠጠሩ ላይ የወደቀውንም ትራፊ ለመልቀም ጊዜ ያገኛል። ጤነኛ፣ ያደገ ዓሣ አንድ ሳምንት ሙሉ ሳይበላ ይቆያል። ቤተሰቡ ለበዓል ገጠር ሲሄድ ቁልፉን የሚረከበው ዘበኛ ግን ይህን አይሰማም፤ አደራ በልቶ አያውቅም፣ አደራውንም ሳይበላ አያሳድርም። ለሱ ሁለት ቁንጥር ብቻ በሁለት ወረቀት ጠቅልሎ፣ አንዱ ላይ «ማክሰኞ»፣ ሌላው ላይ «ቅዳሜ» ብሎ ጽፎ መስጠት ይበቃል። የምግቡ ቆርቆሮ ከቤተሰቡ ጋር ገጠር ይሂድ።