ለጀማሪ ማቶት ይቅደም

«እጄን ላፍታታ ብዬ ስፌት ጀምሬ ተውኩት» የሚሉኝ ሰዎች ደሴ ውስጥ በዝተዋል። ምን ጀምራችሁ ነበር ስላቸው መልሱ ያው ነው፤ ሰፌድ ወይም ሞሶብ። ሞሶብ እኮ የወራት ሥራ ነው! ሳምንቱን ቢሮ ወይም ሱቅ የሚውል ሰው፣ ቅዳሜና እሁድ ለፍቶ የሚያየው መዳፍ የማትሞላ ክብ ብቻ ከሆነ ልቡ ይዝላል። ሰዎቹ ሰነፎች አይደሉም፤ አጀማመራቸው ነው የጎዳቸው። ለጀማሪ የሚሆነው ማቶት ነው።

የጀበና ማስቀመጫዋ ማቶት ትንሽ ናት፤ መሃሏም ክፍት ስለሆነ ሰፌድን የሚያስቸግረው የመሃል አጀማመር የለባትም። ወሎ ደግሞ ቡና የሌለው ቤት የት ይገኛል? እሁድ ከሰዓት ያለቀች ማቶት በዚያው ማታ ጀበና ይቀመጥባታል፤ ከአቦል እስከ በረካ እጅሽ የሠራውን እያየሽ ትጠጫለሽ። ይህ ደስታ ነው ሰውን ለሚቀጥለው ቅዳሜ የሚመልሰው።

የሚያስፈልገው ወስፌ፣ ለመጠምጠሚያ የሚሆን አንድ እስር ስንደዶ የሚባል የሣር አገዳና ለውስጡ የሚሆን አክርማ የሚባል ሣር ነው። ልኩን በሜትር አትፈልጉት፤ ጀበናዋን ራሷን አምጡና አክርማውን አውራ ጣት አሳክላችሁ በቂጧ ዙሪያ አጥፉት። ክቡ ከጀበናዋ ሆድ ጠበብ ይበል፤ ከሰፋ ጀበናዋ ሰጥማ መሬት ትነካለች። ከዚያ ስንደዶውን ሰንጥቆ በአክርማው ላይ አጥብቆ መጠምጠም ነው። ሁለተኛው ዙር ሲጀመር በወስፌ የታችኛውን ዙር እየበሱ፣ ስንደዶውን በቀዳዳው እያሾለኩ መሳብ። አንዱ ሲያልቅ ጫፉን አክርማው ውስጥ ቀብሮ ሌላ መቀጠል።

ሥራውን የሚያበላሸው ውሃው ነው። ስንደዶ ሳይርስ ከታጠፈ ይሰበራል፤ ከልክ በላይ ከራሰም ያብጥና ሲደርቅ ይላላል። የመጀመሪያዋን ማቶቴን ልሠራ ስንደዶውን ሌሊቱን ሙሉ ዘፍዝፌው አደርኩ። ጠዋት አክስቴ በጣቷ ነካ አድርጋ «አንቺ፣ ይሄማ ውሃ ጠግቧል፤ ሲደርቅ ይላላብሻል» አለችኝ። አልሰማኋትም። በሦስተኛው ቀን በጥምጥሙ መሃል አክርማው ብቅ ብቅ ብሎ ታየ። አሁን ለጥቂት ደቂቃ ነክሬ አወጣውና በእርጥብ ጨርቅ ጠቅልዬ፣ ከጨርቁ አንድ አንዱን እየመዘዝኩ እሰፋለሁ።

ስንደዶ ያላገኘ ሰው ያረጀ ነጠላ ቀዶ በደረቅ ሣር ክብ ላይ ይጠምጥም፤ እሱም ማቶት ነው፣ በግማሽ ቀን ያልቃል። ወስፌ ለሚፈራ ደግሞ የነጠላ ጫፍ መቋጨት አለ፤ ሁለት ጭብጥ ክር ወደ አንድ አቅጣጫ እያከረሩ፣ ሁለቱን አንድ ላይ ወደ ተቃራኒው መጠምዘዝ፣ ጫፉን መቋጠር። ከሁለት እጅ በቀር መሣሪያ አይፈልግም።

ስፌት የሴት ነው ብለው ለሚሸሹ ወንዶች የምለው አለኝ። ጋቢያችሁን የሠራው ሸማኔ ወንድ ነው፤ ቀኑን ሙሉ ክር ይዞ ሲውል ማንም አላፈረበትም። ስንደዶም ከክር የተለየ ነውር የለበትም። ወንድ ልጆቻችንንም ቅዳሜ ጠዋት አጠገባችን እናስቀምጣቸው፤ አክስቶቻችን ሳሉ ይማሩ።

ስንደዶ የሚነቀለው ክረምቱ ሲወጣ፣ በመስከረም ነው። ያኔ ገበያ የምትወጡ ቀለም ያልገባውን ግዙ፤ ዋጋውም ይቀላል፣ የተሳሳተውን ፈትቶ መድገምም አያሳሳም። ቀይና አረንጓዴ ቀለም የገባው፣ አለላ የሚባለው፣ ለሁለተኛዋ ማቶት ይቆይ።