ከግድያ በስተቀር ሁሉም ተፈቅዷል?

የሕዝብ ተወካዮች ምክር ቤት በሰኔ 2017 በወንጀል የተገኘ ገንዘብን ሕጋዊ አስመስሎ ማቅረብንና ሽብርተኝነትን በገንዘብ መርዳትን ለመከላከል የቀረበለትን አዋጅ ሲያጸድቅ፣ በሽፋን ስር፣ ማለትም ማንነቱን ደብቆ፣ የሚሠራ መርማሪ ለሚፈጽመው ወንጀል የማይጠየቅበትን ድንጋጌም አብሮ አጽድቋል። የተለየው ግድያ ብቻ ነው።

ከግድያ በስተቀር! ድብደባስ? ዝርፊያስ? ሰው አፍኖ ማቆየትስ? አንድ ሕግ አውጪ አካል የመንግሥት ሠራተኛ ሊፈጽማቸው የሚችሉትን ወንጀሎች ሁሉ በፊቱ ደርድሮ፣ ከመካከላቸው አንዱን ብቻ ለይቶ «ይህችን ተው» ሲል፣ የቀሩትን ምን እያላቸው ነው?

የአዋጁ ደጋፊዎች መልስ አጭር ነው፤ «ንጹሕ ሰው ምን ያስፈራዋል?» ይላሉ። እዚሁ ጎንደር ውስጥ፣ ከማንም በላይ ሊያውቁ የሚገባቸው የተማሩ ሰዎች ሳይቀሩ ይህንኑ ሲደግሙ እሰማለሁ። እስቲ ንጹሕ ሰው ማለት ማን እንደሆነ ይንገሩኝ። በዚህች አገር ንጽሕና የሚታወቀው በሥራ ሳይሆን በቀን መቁጠሪያ ነው።

የፀረ ሽብርተኝነት ሕጉ፣ አዋጅ ቁጥር 652፣ በ2001 ሲወጣ ያወጡት ሰዎች ንጹሓን ነበሩ። በ2003 ግንቦት 7ን፣ ኦነግንና ኦብነግን ምክር ቤቱ አሸባሪ ሲል ሰየመ፤ በ2010 ስያሜውን አነሳ። የግንቦት 7 መሪ ብርሃኑ ነጋ በሌሉበት ሞት የተፈረደባቸው ሰው ነበሩ፤ በ2014 የትምህርት ሚኒስትር ሆኑ። የሕጉ ዋና አባት የነበረው ሕወሓት በ2013 በተራው አሸባሪ ተባለ፤ በመጋቢት 2015 ደግሞ ከዝርዝሩ ተፋቀ። የዚያ ድርጅት ቃል አቀባይ የነበሩት ጌታቸው ረዳ በ2017 በሚኒስትር ማዕረግ የጠቅላይ ሚኒስትሩ አማካሪ ሆነው ተሾሙ። የአሸባሪዎች ዝርዝር እንደ አዘዞ ታክሲ ሆኗል፤ አንዱ ሲወርድ ሌላው ይሳፈራል፣ ረዳቱም ማንም ይሁን ማን ሒሳቡን ይቀበላል።

ሩቅ መሄድም አያስፈልግም። የወልቃይት የማንነት ጥያቄ ኮሚቴ አመራር የነበሩትን ኮሎኔል ደመቀ ዘውዱን ለመያዝ በሐምሌ 2008 በዚህችው ከተማ የተተኮሰውን ጥይት የረሳ ጎንደሬ አለ? በሽብር ተከሰሱ። በ2010 ተፈቱ። ቆየት ብለው ደግሞ የዞን አመራር ሆኑ። ሰውየው አንድ ናቸው፤ የተለወጠው ቢሮው ውስጥ የተቀመጠው ነው። ጠቅላይ ሚኒስትሩ ራሳቸው በሰኔ 2010 ምክር ቤት ቀርበው፣ እስረኛን ማሰቃየትና ሥልጣን ላይ ለመቆየት ኃይል መጠቀም ሽብር እንደሆነ፣ ይህንንም መንግሥት ሲፈጽመው እንደኖረ ተናግረው ነበር። ያንን የሰማ ምክር ቤት በ2017 ለመርማሪ ከለላ ሲያጸድቅ ያየ ሰው ቢገረም ይፈረድበታል?

ንጹሑ በመጨረሻ ነጻ ይወጣ የለም ወይ የሚለኝ አይጠፋም። የዞን ዘጠኝ ጦማርያን በሚያዝያ 2006 ታሰሩ፤ ክሳቸው ያልተቋረጠላቸውን ፍርድ ቤት ከሽብር ክስ ነጻ ያላቸው በጥቅምት 2008 ነው። አንድ ዓመት ተኩል ታስሮ «ንጹሕ ነህ» የሚል ወረቀት መቀበል የማያስፈራው ሰው ካለ ይምጣና ይንገረን።

አሁን ወደ ገንዘቡ። እገታ ምን እንደሆነ ለጎንደር ሰው የሚያስተምር አያስፈልግም፤ ችግሩ እውነት ነው፣ መንግሥት ሊይዘው የሚገባ ወንጀል መሆኑም አያከራክርም። ነገር ግን ልጁ የታገተበት አባት ምን እንደሚያደርግ እናውቃለን። ቤቱን ይሸጣል፣ ከዕቁቡ ይበደራል፣ ዋሽንግተን ወይም እስራኤል ላለ ዘመዱ ይደውላል፣ ገንዘቡ በባንክ ይገባል፣ ከዚያ መሣሪያ ለያዘ ሰው ይደርሳል። ይህ ገንዘብ በአዋጁ ዓይን ምንድን ነው? ቤዛ ወይስ ለታጣቂ የተደረገ ድጋፍ? አባትየው ተገድዶ መክፈሉን የሚያስረዳው ዳኛ ፊት ከቆመ ነው። ከዳኛው በፊት የሚያገኘው ግን፣ ከግድያ መለስ ላደረገው ሁሉ የማይጠየቅ መርማሪ ነው። የመተማ ሰሊጥ ነጋዴስ? በጥሬ ገንዘብ ገዝቶ በጥሬ ገንዘብ ሲሸጥ የኖረ ሰው፣ መንገድ ላይ ለማን ስንት እንደከፈለ ደረሰኝ ያምጣ ሊባል ነው?

አዋጅ 652ን ተክቶ በ2012 የወጣው የሽብር ሕግ፣ አዋጅ ቁጥር 1176፣ ከቀዳሚው ይሻላል፤ ሰልፍና የሥራ ማቆም አድማ መብት እስከሆኑ ድረስ ሽብር እንደማይባሉ ጽፏል። እሰየው። ነገር ግን ያ የተሻለ ሕግ በክልላችን መቼ ሥራ ላይ ዋለ? በሐምሌ 2015 ማብቂያ የአስቸኳይ ጊዜ አዋጅ መጣ፤ ለስድስት ወር ተብሎ ለአራት ወር ተራዘመ፣ ያለ ፍርድ ቤት ትእዛዝ ማሰርም ተፈቀደ። የሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 19 የተያዘ ሰው በ48 ሰዓት ውስጥ ፍርድ ቤት ይቅረብ ይላል፤ እኛ ሰዓቱን ትተን በወር መቁጠር ጀመርን። ያ ሁሉ ሥልጣን አስር ወር ሙሉ በእጃቸው ነበር። እገታው ቆመ? መንገዱ ተከፈተ? ፀጥታ የሚመጣው የመርማሪን እጅ በመፍታት ቢሆን ኖሮ ጎንደር ዛሬ የአገሪቱ ሰላማዊ ከተማ በሆነች ነበር።

ስውር ምርመራ አይኑር አላልኩም። መርማሪው ወደ ሥራው ከመግባቱ በፊት ዳኛ ይፍቀድለት፣ የሚፈቀድለት ድርጊት በስም ይዘርዘር፣ ሲወጣ ለዚያው ዳኛ ሪፖርት ያቅርብ፣ ከተፈቀደለት ካለፈም እንደማንኛውም ሰው ይከሰስ። ይህ የሚከብደው መርማሪ ሌላ ሥራ ይፈልግ።

በምርጫ ቅስቀሳ ድምፃችንን ሊጠይቁ ፒያሳ የሚመጡ፣ አዋጁን ያጸደቁ የምክር ቤት አባላት ስለ መብራትና ስለ ውኃ ከማውራታቸው በፊት አንድ ነገር ይመልሱልኝ፤ «ከግድያ በስተቀር» የሚለው ሲነበብ እጃችሁ የት ነበር?