ግልጽ ደብዳቤ ለሶዲየም ቻናል

ለክቡር የሶዲየም ቻናል
በያሉበት የአክሶን (መልእክት አስተላላፊ የነርቭ ክር) ሽፋን

ጉዳዩ፦ ሳይጠሩ በር መክፈትዎን ስለማሳሰብ

ክቡርነትዎ፣ የሶዲየም መግቢያ በር ነዎት፤ ሥራዎም አጭር መሆኑን እናውቃለን። ነርቩ −70 ሚሊቮልት ገደማ ላይ አርፎ ሲቀመጥ ዝግ ነዎት፤ ወደ −55 ሲጠጋ ይከፍታሉ፤ ሶዲየም ይገባል፤ ከአንድ ሚሊሰከንድ ብዙም ሳያልፍ ቀዳዳዎን ከውስጥ ይወትፋሉ። በቃ። ታዲያ ማንም ሳይጠራዎት ብድግ ብለው የሚከፍቱት ምን ቆርጦዎት ነው?

«ሙቀት እያንቀጠቀጠኝ» ይሉ ይሆናል። እውነት ነው፣ ፕሮቲን ነዎት፤ ቮልቴጅ የመክፈት ዕድልዎን ከፍ ዝቅ ያደርጋል እንጂ አያዝዎትም። ተመራማሪዎቹ ሆጅኪንና ሀክስሊ በ1952 እ.ኤ.አ. የነርቭ ምልክትን እኩልታቸውን ሲያወጡ የሠሩት እስከ 1 ሚሊሜትር በሚወፍረው የስኩዊድ (የባሕር እንስሳ) አክሶን ላይ ነበር። እዚያ ብዛታችሁ የእያንዳንዳችሁን ቅብጠት ይውጠዋል። ጥሩ ስም ያተረፈልዎት መንጋው ነው፣ እርስዎ አይደሉም።

ጉድዎ የሚወጣው ቀጭኑ ላይ ነው። አክሶን በቀጠነ ቁጥር ሬዚስታንሱ (ለኤሌክትሪክ ጅረት ያለው ተቃውሞ) ያሻቅባል፤ ከእናንተ አንዱ ብቻ ቢከፍት በሺዎች የሚቆጠር ሶዲየም ገብቶ ቮልቴጁን ሽቅብ ይገፋዋል። ጎረቤቱ ይከፍታል፣ የጎረቤቱም ጎረቤት… ማንም ያልላከው መልእክት መስመሩን ይዞ ይነጉዳል። ከ0.1 ማይክሮሜትር በታች ሲሆን የሐሰቱ ምልክት እየበዛ እውነተኛውን ያፍነዋል። እውነተኛው ቢያልፍ እንኳ የመድረሻ ሰዓቱ ይዋዥቃል። «ቁጥራቸው ይቀነስ» እንዳንል ደግሞ አክሶኑ ቅርንጫፍ ሲያወጣ ጅረቱ ለሁለት ይከፈላል፤ ሳይበቃ ይቀርና መልእክቱ መገንጠያው ላይ ይሞታል።

ራንቪየር አንጓ (ማይሊን የተባለው የአክሶን መጠቅለያ የሚቋረጥበት ክፍተት) ላይ፣ በካሬ ማይክሮሜትር ከ1,000 በላይ ሆናችሁ ስትታጨቁ፣ ጨዋ ናችሁ። ማይሊኑ ከተላጠ ግን አመልዎ ይመለሳል፤ ጅረቱ በየመንገዱ ይፈሳል፣ ሰውነት በግማሽ ዲግሪ ቢሞቅ እንኳ እርስዎ ቶሎ ዘግተው ይገባሉ፣ ምልክቱም ቀጣዩ አንጓ ሳይደርስ ይከስማል።

ማሳሰቢያውን ካልሰሙ ማደንዘዣው ሊዶኬይን ይላክብዎታል። እሱ በውስጥ በኩል መጥቶ፣ ደጋግሞ የሚከፍተውን መርጦ ነው የሚወትፈው።

ከሰላምታ ጋር
ባለጉዳዮችዎ

ግልባጭ፦
ለፖታሲየም ቻናል፤ ዘግይተው ደርሰው ቮልቴጁን የሚመልሱት እርስዎ ስለሆኑ፣ እንዲያውቁት።
ለሶዲየም-ፖታሲየም ፓምፕ፤ 3 ሶዲየም አውጥተው 2 ፖታሲየም ባስገቡ ቁጥር አንድ ኤቲፒ (የሕዋስ የኃይል ገንዘብ) ስለሚከፍሉ፣ ሒሳቡን በሶዲየም ቻናል ስም እንዲይዙት።