እኛ እንናደድ እነሱ ይብሉ

እኔ የምለው፣ በየዓመቱ «የዓመቱ ቃል» እየተባለ የሚመረጠውን ነገር ልብ ብላችሁታል? የኦክስፎርድ መዝገበ ቃላት በ2013 እ.ኤ.አ. «ሰልፊ» ነበር ያለው፣ በ2015 ደሞ ቃል እንኳን ያልሆነ፣ በሳቅ የሚያለቅስ ኢሞጂ መረጡ፣ ይሁን ቢያንስ ጥርሳችን ይታይ ነበር። ከዛ በ2024 «ብሬይን ሮት» መጣ (ኢንተርኔት ላይ የማይረባ ነገር ሲያዩ መዋል የሚያመጣው የጭንቅላት መበስበስ)፣ በ2025 «ሬጅ ቤይት»፣ በዛው ዓመት የአሜሪካኖቹ መዝገበ ቃላት ሜሪያም ዌብስተር «ስሎፕ»ን መረጠ፣ ያው ኤአይ እያመረተ የሚደፋብን ዝባዝንኬ። መዝገበ ቃላት ሳይሆን የሐኪም ካርድ እኮ ነው የሚመስለው!

እኔን የሚያቃጥለኝ ግን ሬጅ ቤይቱ ነው። አውቆ፣ ሆን ብሎ ሰው ለማናደድ የሚለጠፍ ነገር። ትላንት ማታ አንዱ መደርደሪያ ሲገጥም መጣልኝ፣ ሰውዬው ብሎኑን በመዶሻ እየቀጠቀጠ ያስገባል፣ መደርደሪያው ተገልብጧል፣ እሱ ፊቱ ላይ ምንም የለም፣ ረጋ ብሎ «በጣም ቀላል ነው» ይላል። ኮሜንቱን ብታዩት! «ኧረ ሰውዬ ካቻቪቴ የሚባል አታውቅም?» የሚለው መዓት፣ አንዱ ደሞ ቁጭ ብሎ በአንቀጽ በአንቀጽ አስረድቶታል (ምን ዓይነት ትዕግስት ነው)፣ ሁለቱ እርስ በርስ ተያይዘው እናት አባት ድረስ ተሰዳድበዋል። ሰውዬው ለአንዱም አልመለሰም። ምን አስጨነቀው፣ እያንዳንዱ እርማት ቪዲዮውን ሌላ ሰው ፊድ ላይ ይገፋለታል፣ አልጎሪዝሙ እንደሆነ ወደህ ነው ተናደህ የጻፍከው ብሎ አይጠይቅም። ኤክስ (የድሮው ትዊተር) በ2023 ለክሪኤተሮች ገንዘብ ማካፈል ሲጀምር እኮ ኮሜንቶች መሃል ከሚታየው ማስታወቂያ ነበር የሚያካፍለው፣ እንግዲህ ጭቅጭቅ ሲበዛ ማን እንደሚጠቀም ራሳችሁ አስቡት።

የባሰው ደሞ፣ ስሙን ካወቅንለት ትንሽ እፎይ እንላለን ስል ጭራሽ መሸሸጊያ ሆነላቸው። አንዱ ነውር ነገር ይጽፍና ሰው ሲያፋጥጠው «ሬጅ ቤይት ነው እኮ፣ ተበላህ!» ይላል። ከልቡ የተናገረው ሰውዬ ብልጥ ሆኖ ይወጣል፣ የመለሰለት ሞኝ ይባላል። በተቃራኒው የምሩን ጥያቄ የጠየቀ ሰውም «ሂድ ሬጅ ቤይት» ተብሎ ይባረራል፣ ስለዚህ መልስ መስጠትም ቀረ። በሰው ሞት የቀለደው እንኳ ይቺኑ ነው የሚላት፣ ቤተሰብ እዛው ስር እያነበበ። ኧረ ተወኝ ወንድሜ፣ ቀልድ ከሆነ እስካሁን አንድ ሰው ይስቅ ነበር እኮ።