ኔትወርክ ያለበት ገደል

ማመስገን ሲገባ ማመስገን ነው። እኛ ጎንደር ቁጭ ብለን የሰው ጥፋት ስንለቅም የሰው በጎ ሥራ ያመልጠናል። ዛሬ የማመሰግናቸው፣ ነፍሳቸውን ፍለጋ በጠዋት በረራ ከአዲስ አበባ ተነሥተው አዘዞ የሚያርፉ ወገኖቻችንን ነው። በኪራይ መኪና ዳባትን አልፈው ደባርቅ ይገባሉ። ከዚያ ሰሜን ተራሮች ላይ ይወጡና ገደል አፋፍ ቆመው፣ እጃቸውን ዘርግተው «ፈጣሪን እዚህ አገኘሁት» ይላሉ። (መንገዱ ሰላም በሆነበት ሰሞን ማለቴ ነው። መንገዱ ሲዘጋ ፈጣሪ የሚገኘው ቢሾፍቱ፣ ሐይቅ ዳር ነው።)

አበጃችሁ! ስንት ዘመን የተፈለገ ነገር አድራሻው ሲታወቅ ደስ ይላል። አሁንማ ሎኬሽኑን መላክ ነው።

እኛ ኋላ ቀሮቹ በየሰፈራችን ስንፈልግ ነው የኖርነው። ጎንደር የአርባ አራት ታቦት አገር ስትባል ሰምተን ስላደግን፣ አንዱ ደጅ ባይሳካ ሌላው ደጅ አይጠፋም ብለን ነጠላችንን አጣፍተን በሌሊት እንወጣለን። ቆሞ ማስቀደስ ነው። ጉልበት ሲዝል መቋሚያ መደገፍ ነው። ለዚህ ሁሉ ድካም የምናየው ምንድን ነው? ፊት ለፊት የቆመውን ሰውዬ ጀርባ። ቪው የለውም። ደብረ ብርሃን ሥላሴ ይሻላል እንዳይባል፣ ጣሪያው በመላእክት ፊት ተሞልቷል፤ ዓይናቸውን አፍጥጠው ቁልቁል ያዩሃል። የትም ብትቆም አታመልጥም። የዘመኑ ሰው መታየት ጠልቶ አይደለም፤ ግን በመላእክት ሳይሆን በተከታዮቹ ነው።

ሱባዔም ተሻሽሏል። የድሮው ሰባት ቀን ይቆጠርለታል፤ ሰውየው ቆሎውን ቋጥሮ፣ በሩን ዘግቶ ይገባል፤ የት እንደገባ ሚስቱም በቅጡ አታውቅ። የአሁኑ ዓርብ ከሰዓት ተጀምሮ እሑድ ማታ ያልቃል፣ ቁርስን ጨምሮ። የት እንደተገባ ደግሞ አገር ምድሩ ያውቃል፤ ከመግባቱ በፊትም ተነግሯል።

ቦታ መምረጡንስ አሳምረው መርጠዋል። በዚህ አልቀልድም። ዩኔስኮ በ1978 እ.ኤ.አ. የዓለም ቅርስ መዝገቡን ሲጀምር ካሰፈራቸው 12 ቦታዎች አንዱ የሰሜን ተራሮች ፓርክ ነበር። የእኛ የፋሲል ግቢ እንኳ በዓመቱ ነው የገባው። እሜት ጎጎ የሚባለው አፋፍ 3,926 ሜትር ነው። እዚያ ላይ ሲቆም የሚታየው ገደል፣ ከገደሉ ሥር አምባ፣ ከአምባው ወዲያ ሌላ አምባ ሰውን ዝም ያሰኛል። ዝም የማያሰኘው ድምፅ ማጉያ ይዞ የመጣውን ብቻ ነው። ዝምታውን ለማዳመጥ የዋሽንት ሙዚቃ ያስፈልገዋላ! ስልኩ ላይ «የተራራ ጸጥታ» የሚል ነገር ጭኖ መጥቷል። ተራራው ላይ ቆሞ የተራራ ድምፅ ከስልክ መስማት፣ ይህ ነው ጥልቀት ማለት።

አንዱን በቅርብ አይቼዋለሁ። አለት ላይ እግሩን አጣጥፎ ተቀምጧል። አዲስ ጋቢ ለብሷል፤ የሱቁ እጥፋት ገና አልጠፋም። ዓይኑ ተጨፍኗል። ጓደኛው ስልክ ይዞ ፊቱ ተንበርክኳል፤ በዚያ አካባቢ የተንበረከከ ሰው ያየሁት እሱን ብቻ ነው።

«ጨፍን። እሺ። ትንሽ ፈገግ በል። አይ፣ ጥርስ አታሳይ። አሁን ሳታስበው ግለጥ።»

ሳያስበው ገለጠ።

«በቃ? መጣ?»

«ጭላዳው ገባበት። ድገመው።»

ድጋሚ ጨፈነ፤ ድጋሚ ሳያስበው ገለጠ።

ስለ ጭላዳው አንድ ነገር ልበል። ይህ ፍጡር ኢትዮጵያ ደጋ ላይ እንጂ ሌላ አገር የለም። ከዝንጀሮ ወገን ኑሮውን በሣር ላይ የመሠረተ እሱ ነው። ሲነጋ ቁጭ ይላል፤ ሣሩን በጣቱ እየነጨ ይውላል። ሲመሽ ወደ ገደሉ ይወርድና ጠርዝ ላይ ይተኛል። በብርድ፣ ያለ ጋቢ። ከተማው ሰው ምናኔ የሚለውን ነገር ሁሉ ከነአልባሌ አኗኗሩ አሟልቶ ይኖረዋል። አንድም ቀን ግን «ራሴን አገኘሁ» ሲል አልተሰማም፤ ይልቁንም ፍሬም ውስጥ እየገባ ራሳቸውን ያገኙ ሰዎችን ያስቸግራል።

የተገኘው ነገር እውነት ስለመሆኑ ማስረጃ አለ። ብዙዎቹ «ከሰውነቴ ወጣሁ»፣ «ጭንቅላቴ ቀለለኝ»፣ «ሌሊቱን እንቅልፍ በዓይኔ አልዞረም፣ ልቤ ይመታ ነበር» ብለው ይመሰክራሉ። ወደ 4,000 ሜትር ሲጠጋ የአየሩ ግፊት ባሕር ጠለል ላይ ካለው 60 በመቶ ገደማ ይሆናል። በአንድ ትንፋሽ የሚገባው ኦክስጅን በዚያው ልክ ያንሳል። ሐኪም ቢጠየቅ «የከፍታ ሕመም ነው፤ ውኃ ጠጣ፤ ካልተሻለህ ውረድ» ይላል። የሐኪም ነገር! ምሥጢር አይገባውም። ቢገባውማ «ውረድ» ይላል? ገና ላይክ ሳይቆጠር?

ከሁሉ የምወደው ግን የአክሊሉን ነገር ነው። ጠዋት ፀሐይ ከኋላ ሆና፣ ጉም ከገደሉ ሥር ተኝቶ ከሆነ፣ የሰውየው ጥላ ጉሙ ላይ ያርፍና በጥላው ራስ ዙሪያ የቀስተ ደመና ቀለበት ይታያል። ልክ እንደ ቅዱሳን ሥዕል። የጉሙ ጠብታዎች ብርሃኑን ወደመጣበት ስለሚመልሱት ነው፤ በየአገሩ ተራሮች ላይ የታወቀ ነገር ነው። የሚገርመው ሌላ ነው። ሁለት ሰው ራቅ ራቅ ብሎ ቢቆም፣ አንዱ የሌላውን አክሊል አያይም። እያንዳንዱ ቀለበቱን የሚያየው በራሱ ጥላ ራስ ላይ ብቻ ነው። ተፈጥሮ የዘመኑን ሰው እንዲህ አጥንታ ትጠብቀው!

ፈረንጆቹም ጀምረውት ነበር፤ ግን አላወቁበትም። በ1336 እ.ኤ.አ. ፔትራርካ የሚባል ጣሊያናዊ ባለቅኔ ፈረንሳይ ውስጥ ቫንቱ የሚባል ተራራ ላይ ወጣ። ጫፉ ላይ ሆኖ ይዞት የሄደውን የቅዱስ አውግስጢኖስን መጽሐፍ ገለጥ ቢያደርግ፣ ሰዎች የተራራ ከፍታ ሊያደንቁ ይሄዳሉ፣ ራሳቸውን ግን ይዘነጋሉ የሚል ቃል ገጠመው። አፈረ። እታች እስኪደርስ አንድ ቃል ሳይተነፍስ ወረደ። አንድ ቃል! እንዲህ ያለ ብክነት አለ? የእኛዎቹ ቢሆኑ ያንኑ ጥቅስ ከፎቶው በታች ይጽፉትና ለአንድ ሳምንት ይበቃቸው ነበር።

ከፎቶው በታች ከሚጻፈው ሁሉ ደግሞ «ሰው ያልነካው ተፈጥሮ» የሚለው ይጣፍጠኛል። በተለይ ግጭ ላይ ቆመው ሲጽፉት። ግጭ እስከ 2016 እ.ኤ.አ. ድረስ መንደር ነበር። ገብስ ይዘራበታል፣ ከብት ይውልበታል፣ ልጅ ይወለድበታል። ነዋሪዎቹ ለፓርኩ ሲባል ወደ ደባርቅ እንዲነሡ ተደረገ፤ በዓመቱ ፓርኩ አደጋ ላይ ካሉ ቅርሶች ዝርዝር ወጣ። እነዚያ ሰዎች ስንት ትውልድ ኖረውበት ፈጣሪን አገኘን ብለው አለመለጠፋቸው፣ ያው እንደ ሰው እንዳይቆጠሩ ያደረጋቸው እሱ ሳይሆን አይቀርም።

የሰው ልጅ ሁሉ አንድ መሆኑም የሚገለጠው እዚያው ነው። «ሁላችንም አንድ ነን፤ እኔ የሚባል ነገር የለም» ስትል የሰማኋት ልጅ፣ ደቂቃ ሳይቆይ ኮፍያ የሚሸጥ ትንሽ እረኛ መጣባት። ከሱፍ የተሠራ፣ በእጁ የያዘው አንድ ብቻ ነው። ዋጋ ነገራት። «ኧረ ማሙሽ፣ ይሄማ አዲስ አበባ በግማሹ አለ» አለችው። ተከራከሩ። ከጥቂት ደቂቃ በፊት የለም የተባለው «እኔ» ከየት መጣ ሳይባል እንደ ጉድ ተከራከረ። ልጁ ተሸንፎ በግማሹ ሰጣት። ኮፍያውን አጥልቃ ፎቶ ተነሣች፤ የጻፈችበት «ምስጋና» የሚል ነበር።

ሲወርዱ ደግሞ ባዶ እጃቸውን አይወርዱም ይባላል፤ ሃይላንዱን ግን እዚያው ነው የሚተዉት። የውኃ ፕላስቲክ ከጅብራው ሥር፣ ከጦስኙ መሐል ተቀምጦ ታገኛለህ። ስለት መሆን አለበት። በየገጠሩ ያሉት ቀሳውስት ይሄ አልገባቸውም። ደብራቸውን በጽድና በወይራ አጥረው፣ ቅጠል አትቁረጡ እያሉ ስንት ዘመን ጠበቁት። ዙሪያው ሁሉ ታርሶ ዛፍ የሚታየው ቤተ ክርስቲያኑ ግቢ ብቻ የሆነበት አገር ሞልቷል። ግን አንዳቸውም «ከተፈጥሮ ጋር የተዋሐድኩበት ቀን» ብለው አያውቁም። ሥራ ስለሚበዛባቸው ይሆናል።

የዋልድባ መነኮሳትማ ቦታ መምረጥ ጨርሶ አያውቁበትም። ቆላ ነው፣ ያቃጥላል። እህል አይቀምሱም፤ ምግባቸው ቋርፍ ነው። ማን እንደገባ፣ ማን እንዳረፈ ወሬው በቅጡ አይወጣም። ፀሐይ ስትጠልቅ ለማየት የተዘጋጀ በረንዳ የለም፣ ካምፕ ፋየር የለም። ሰው ወደዚያ የሚሄደው እንዳይታይ ነው አሉ። እንዲህ ያለውን ቦታ በአስጎብኚ ፓኬጅ ውስጥ ማን ያስገባዋል?

ስለዚህ ለከተማችን አንድ ሐሳብ አለኝ። ቁስቋም ኮረብታ ላይ ነው፣ ከተማው ቁልቁል ይታያል፤ እቴጌ ምንትዋብ ሳያውቁት ጥሩ ሎኬሽን ይዘዋል። የቀሩት አድባራት ግን እይታቸው ይጣራ። ከበሩ ሲወጡ ኮንቴይነር ሱቅና የባጃጅ ተራ የሚታይባቸው ደብሮች፣ ጸሎት እንዴት እንደሚያርግባቸው ማስረዳት አለባቸው።

ይህን ሁሉ የሚያስተባብሩት ባለ በቅሎዎች ደግሞ ሳይመሰገኑ መቅረት የለባቸውም። ፍራሹን፣ ድንኳኑን፣ ድምፅ ማጉያውን፣ የነፍስ ፍለጋውን ዕቃ ሁሉ አጋሰስ ላይ ጭነው የሚያወጡት እነሱ ናቸው። አንደኛውን አንዲት ልጅ ስትጠይቃቸው ሰምቻለሁ።

«አባባ፣ እዚህ ሲቆሙ ምን ይሰማዎታል?»

«ብርድ።»

«አይ፣ ማለቴ… ውስጥዎን?»

«ውስጤንም ይበርደኛል። ምነው፣ እናንተ አገር ቤተ ክርስቲያን የለም እንዴ የኔ ልጅ?»

«ኧረ ሞልቷል አባባ።»

«ታዲያ እዚያ ታጣ?»

ልጅቱ ስልኳን አጠፋች። ይሄ አይለጠፍም። ለሰውየውም የሰጠቻቸው ከተስማሙበት ሳንቲም የዘለለ አልነበረም።

ሰውየው ግን ሞኝ አይደሉም። በሌላ ጊዜ፣ ሌላ እንግዳ ያንኑ ሲጠይቃቸው ደረስኩ። የበቅሎዋን መጫኛ እያጠበቁ፣ ዞር ሳይሉ «እህ… ሰላም ነዋ። ሰላም ይሰማኛል» አሉ። ቀና ብለውም አድማሱን አዩለት፣ ጎናቸውን ለካሜራው ሰጥተው። ጉርሻው እጥፍ ሆነ። ድንኳን ነቅሎ ሲጭን የነበረው ልጃቸው ይሄን አይቶ እንዲህ አለ፦ «አባዬ፣ ነገ እኔ ልቁም፤ አንተ ጫን።»